ከሎጎ ሐይቅ ድንጋይ ጋር የመጡት ፍጥረታት ምን ምን ናቸው? ከመግደሌ በፊት ንገሩኝ

መምህርት_ዘጦሳ
ሰላም ለሁላችሁ፤ አገር ቤት ያላችሁም ማዶ ያላችሁም። ደሴ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የሚያውቁትን የውሃ ሕይወት በዓይናቸው እንዲያዩ የመስታወት ገንዳ ቤቴ እያዘጋጀሁ ነው፤ ሲደላደል ወደ ክፍል ይገባል። ዓሣ ገና የለበትም። ውስጡ ጠጠር፣ ከሎጎ ሐይቅ ዳር የመጡ ሸካራ ድንጋዮችና ከነሥሩ የተነቀለ የውሃ ሣር ነው ያለው። ድንጋዮቹ ሲመጡ ከጭቃ በቀር ምንም ያለባቸው አይመስሉም ነበር። አሁን ግን በየጊዜው አዲስ ነገር ብቅ ይላል።

ያየሁትን ልዘርዝር። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የሚሆን ነጣ ያለ ክር አለ፤ ጫፉ ላይ ቀጫጭን እጆች አሉት፣ በስንጥር ስነካው ተጨማዶ ነጥብ ያክላል። ድንጋይ ሥር ደግሞ ጠፍጣፋ ግራጫ ትል አለ፤ አይጎብጥም፣ አይወራጭም፣ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ከጠጠሩ ውስጥ ስድስት እግር ያለው፣ ዓይነ ትልቅ፣ ቡናማ ነገር አንድ ጊዜ ወጥቶ ተፈናጥሮ ተደበቀ። ቀይ ትል ከአፈር በተሠራች ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ ይወዛወዛል። አልቅት የሚመስልም አለ። ነጫጭ ጥቃቅን ነጠብጣቦች እየዘለሉ ይዋኛሉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ አንዱ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆኖ የተጠቀለለ፣ ሌላው ረጅምና ሹል።

ጎረቤቴ «ሁሉንም በፈላ ውሃ ድፊበት» አለችኝ። እኔ ያላወቅሁትን ነገር መግደል አልፈልግም። በሌላ በኩል ልጆች ናቸው፣ እጃቸውን መክተታቸው አይቀርም። የትኛው ይቆይ? የትኛው ይውጣ?

ጂዳ_ያለው_ወሎዬ
አሰላሙ አለይኩም እህቴ። አብሽሪ፣ አብዛኞቹ ክፉ አይደሉም። ጂዳ የጌጥ ዓሣ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው፤ የኛ ገንዳ የጨው ውሃ ነው። የጨው ውሃ ገንዳ ሲቋቋም በውስጡ ባክቴሪያና ብዙ ሕይወት ያለበት ከኮራል አጽም የተሠራ ድንጋይ ይገባበታል፤ «ሕያው ድንጋይ» ይሉታል። አንቺ ያየሽውን ነገር እኛ ዘወትር ነው የምናየው፤ ደንበኛ ፎቶ ይዞ እየሮጠ መጥቶ «ይሄ ምንድን ነው? ልግደለው?» ይላል።

ሁልጊዜ የምንመልሰው አንድ ነው፦ መልኩን ብቻ አይተህ አትፍረድ። እንዴት ነው የሚሄደው? ቀን የት ይውላል? መብራት ሲበራ ምን ያደርጋል? ማታ ቤቱ ከጨለመ በኋላ የባትሪሽን መስታወት በቀይ ላስቲክ ሸፍኚና ቁጭ ብለሽ ተመልከቺ። ብዙዎቹ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሻቸውም። ቀን ከምታዪው እጥፍ ታያለሽ።

መጀመሪያ የጻፍሽው ሃይድራ ነው፣ አልጠራጠርም። እጆቹ ላይ የሚናደፉ ሕዋሳት አሉት፤ ሰውን አይጎዳም፣ ከእንቁላል የወጣ የዓሣ ጫጩት ግን ይይዛል። ጎኑ ላይ ትንሽ ቅርንጫፍ ካየሽ ልጁ ነው፤ አድጎ ይገነጠላል። ዓሣ እስካላረባሽ ድረስ ተዪው፤ ለክፍል ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ጠፍጣፋው ትል ጭንቅላቱ ሦስት ማዕዘን ከሆነና ሁለት ዓይን የመሰሉ ነጥቦች ካሉት ፕላናሪያ ነው። አደራ፣ ቆርጠሽ ለመግደል እንዳትሞክሪ። ከቁራጩ ሌላ ሙሉ ትል ያድጋል። የኛም ሰፈር ይህን የመሰለ አለ፤ አይፕቴዥያ የምትባል ትንሽ የባሕር አበባ መሳይ እንስሳ። ከድንጋዩ ፍቆ ሊያወጣት የሞከረ ሰው የቀረው ቁራጭ ሁሉ አዲስ ሆኖ ይበቅልበታል።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ
እትዬ መምህርት እንኳን ደህና መጡ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ፣ ያደግሁት እዛው ዳር ነው። ስድስት እግር ያለውን አውቀዋለሁ። ውሃ ዳር የሚበር፣ ወገበ ረጅም፣ አራት ክንፍ ያለው ነፍሳት አለ አይደል? የዚያ ልጅ ነው። ውሃ ውስጥ አድጎ፣ ሸምበቆ ላይ ወጥቶ፣ ቆዳውን ገፍፎ ነው የሚበረው። ባዶ ቆዳውን ሸምበቆ ላይ ተጣብቆ ስንት ጊዜ አይተነዋል። ዓሣ ልታስገቢበት ከሆነ ግን እሱን አውጪው፤ የዓሣ ልጅ ይበላል።

ጂዳ_ያለው_ወሎዬ
እውነቱን ነው። ከታች የታጠፈ ከንፈር አለው፤ ወደ ፊት ወርውሮ ነው የሚይዘው፣ በዓይን መከተል ያስቸግራል። ተፈናጥሮ የሄደውም ከኋላው ውሃ እየገፋ ስለሚወጣ ነው። ጅራቱ ላይ ሦስት ቅጠል የመሰሉ ነገሮች ካሉት ደግሞ ቀጭኑ ዘመዱ ነው። ለብቻው ማሰሮ ውስጥ አድርጊውና ውሃው ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ትከዪለት። ተማሪዎችሽ ክንፍ ሲያወጣ ለማየት ዕድል ያገኛሉ።

ወረባቦ_የከብት_ሐኪም
በአልቅቱ ልግባ። በሁለቱም ጫፍ መምጠጫ አለው ወይ? ፊቱን ለጥፎ፣ ኋላውን ስቦ፣ መሐሉን እንደ ቅስት አጉብጦ ከሄደ አልቅት ነው። ግን አልቅት ሁሉ ደም መጣጭ አይደለም። ገንዳ ውስጥ የሚገኙት ትናንሾቹ ብዙ ጊዜ ቀንድ አውጣና ትል ነው የሚበሉት። የኛ አገር ገበሬ የሚያውቀው ሌላ ነው፤ ከብት ምንጭ ሲጠጣ አፍና አፍንጫው ውስጥ የሚገባው። እሱ ሰውም ላይ ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ደም ያስተፋል። ስለዚህ ከገንዳው ውሃ ማንም በአፉ አይቅመስ። በቱቦ ውሃ ስትቀይሩም በአፍ አትሳቡ።

ቀዩ ትል የማትነክስ፣ ትንኝ መሳይ ዝንብ ዕጭ ነው። ቅላቱ የራሱ ሄሞግሎቢን ነው እንጂ ከማንም የመጠጠው ደም አይደለም፤ አየር ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚኖረውም በሱ ነው። ለዓሣ ምርጥ ምግብ ነው። የሚዘሉት ነጠብጣቦችም ጥቃቅን የሸርጣን ዘመዶች ናቸው፣ ተዪያቸው።

ላብ_ኮምቦልቻ
ሰላም መምህርት። ሌላውን ሁሉ ወንድሞቼ በሚገባ መልሰውታል። እኔ የምጽፈው ስለ ጠፍጣፋዋ ቀንድ አውጣ ነው፣ እባክሽ በጥሞና አንብቢው።

እንደ ሳንቲም የተጠቀለለችው ባዮምፋላሪያ ልትሆን ትችላለች። አገራችን ውስጥ የአንጀት ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈው እሷ ናት። ሎጎ አጠገብ ያለችው ሐይቅ ከተማ በዚህ በሽታ በኩል የሩቅ ወሬ አይደለችም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተማዋን አዲስ የቢልሃርዝያ መገኛ ብሎ መዝግቧታል። ቀንድ አውጣዋ ደሴን በመሰለ ብርዳማ ከፍታ ላይ በራሷ አትበረክትም፣ ቤት ውስጥ በሞቀ ገንዳ ግን ትኖራለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ ውሃ ሲነካ እንቁላሉ ይፈለፈልና ትንሿ ትል ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ትገባለች። እዚያ ውስጥ ከተራባች ከሳምንታት በኋላ ጅራታቸው እንደ መንሽ ሹካ የሆነ ሌሎች ይወጣሉ፣ በተለይ ረፋድና ቀትር ላይ፣ ብርሃን ሲበረታ። እነዚህ ናቸው የሰውን ቆዳ ሰርስረው የሚገቡት። ቁስል አያስፈልጋቸውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም፤ እጅ መንከር ይበቃል።

ስለዚህ ጉዳዩ እስኪጣራ ማንም እጁን አይክተት። አንቺም እስከ ክንድ የሚደርስ የጎማ ጓንት አድርጊ። ካሁን በፊት እጅሽን ከነከርሽ አትደንግጪ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሞላ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሰገራ ተመርመሪ፣ የነከርሽበትንም ምክንያት ንገሪያቸው። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ይገኛል፣ ያድናል። ረጅሟና ሹሏ ቀን አሸዋ ውስጥ የምትቀበር ከሆነ ሜላኖይደስ ናት፤ እሷ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ አይደለችም።

የቦሩ_ሜዳዋ
ልጄ፣ ለቀንድ አውጣ እንዶድ እያለ ምን ያስጨንቃል? ድሮ ነጠላና ጋቢያችንን በሱ ስናጥብ ከወንዙ በታች ያለው ቀንድ አውጣ ሁሉ ይሞት ነበር። ፍሬውን ወቅጠሽ ትንሽ ጨምሪበት።

ላብ_ኮምቦልቻ
እማማ፣ የተናገሩት ትልቅ እውነት ነው። ሳይንሱም የተነሣው እርስዎ ካዩት ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ነው ምርምሩን የጀመረው። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆኖ በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ይህ የአገራችን ሰው ሥራ ክፍል ውስጥ መነገር አለበት፤ መምህርት፣ አደራ።

ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ድንጋይና ሣሩን ለብቻ ባልዲ ውስጥ ለማከም ካልሆነ በቀር ዓሣ የሚገባበት ገንዳ ውስጥ አይጨመር።

የቦሩ_ሜዳዋ
እንዲያ ከሆነ ይቅር ልጄ። ዓድዋ ያልከውን ሰውዬ ስሙን ጽፌ ይዤዋለሁ፣ ለልጅ ልጆቼ እነግራለሁ።

ከሚሴ_ወጣት
ድንጋዮቹን አውጥቶ ድስት ውስጥ መቀቀል አይቀልም? አንድ ጊዜ ተገላገልን ማለት ነው።

ጂዳ_ያለው_ወሎዬ
በፍጹም ወንድሜ! ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ውስጡ ውሃ ከያዘ ሲፈላ ሊፈነዳ ይችላል። በኛ በኩል ደግሞ ከዚህ የከፋ አለ። አንዳንድ ሕያው ድንጋይ ላይ ፓሊቶአ የሚባሉ ቁልፍ መሳይ የባሕር እንስሳት ይኖራሉ፤ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን ቤት ውስጥ ቀቅለው በእንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል የገባበት አጋጣሚ አለ። የሎጎ ድንጋይ ላይ ይህ መርዝ የለም፣ ልማዱ ግን አይለመድ። ድንጋይ ማጽዳት የፈለገ በብሩሽ ፈግፍጎ ፀሐይ ላይ እስከ ውስጡ ይድረቅ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ ያስተማምናል።

ከሚሴ_ወጣት
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ልጠይቅ፣ የጨው ውሃው ድንጋይ ላይ ሲመጣ የሚያስፈራችሁ የትኛው ነው?

ጂዳ_ያለው_ወሎዬ
ማንቲስ ሽሪምፕ። አታየውም፣ ትሰማዋለህ። ማታ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ከድንጋዩ ይመጣል፤ ጠዋት ቀንድ አውጣህ ቅርፊቱ ተሰብሮ ታገኘዋለህ። ክንዱን የሚወረውረው በሰከንድ ከ20 ሜትር በላይ በሚሆን ፍጥነት ነው። ያው ድምፅ ግን ሌላ፣ ብዙም የማይጎዳ ሽሪምፕም ያወጣዋል፣ ስለዚህ በድምፅ ብቻ አይፈረድም። ወጥመድ እናስቀምጣለን፦ የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠህ ገልብጠህ መልሰህ ትከትበታለህ፣ ውስጡ የዓሣ ቁራጭ ታስቀምጣለህ፣ ማታ አስተኝተኸው ጠዋት ታየዋለህ። መምህርት፣ ይህን ለፕላናሪያም መሥራት ትችያለሽ፤ ትንሽ ጠርሙስ፣ ጠባብ ቀዳዳ፣ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ።

ሰዎች በከንቱ የሚገድሉት ደግሞ ባለፀጉር ትሉን ነው። ጎኑ ሁሉ ነጭ መርፌ ስለሆነ ያስፈራል፤ በእጅ ከተነካ መርፌው ቆዳ ውስጥ ይቀራል፣ በፕላስተር ተለጥፎ ይነቀላል። ግን አብዛኞቹ ዓይነቶች የተረፈ ምግብና የሞተ ነገር የሚበሉ የገንዳው ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። እነሱን የጨረሰ ሰው ውሃው ሲበላሽ ምክንያቱን ሲፈልግ ይኖራል።

መምህርት_ዘጦሳ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ማታ በቀይ ብርሃን አየሁት፤ ፕላናሪያው ሦስት ማዕዘን ጭንቅላትና ሁለት ነጥብ አለው። አልቅቱም በሁለት ጫፍ ነው የሚለጠፈው። ሹሏ ቀንድ አውጣ ቀን አሸዋ ውስጥ ናት። ሣሩ መሐል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አገኘሁ፦ ቅርፊቷ ስስ፣ ጫፏ ሹል፣ ሆዷ ሰፊ። ይህችስ? ጠፍጣፋዎቹን ቀንድ አውጣዎች በጓንት ለቅሜ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ለይቻቸዋለሁ።

ወረባቦ_የከብት_ሐኪም
ሹል ጫፏን ወደ ላይ፣ አፏን ወደ አንቺ አድርገሽ ያዢያት። አፏ በየት በኩል ነው?

መምህርት_ዘጦሳ
በስተቀኝ።

ወረባቦ_የከብት_ሐኪም
እንግዲያው ሊምኒያ ትመስላለች። የኔ ሥራ ውስጥ የምትገባው እሷ ናት፤ የጉበት ትል በሷ በኩል ነው በግና ላም ላይ የሚደርሰው። ከሷ የሚወጣው ትል ቆዳ አይበሳም፤ ሣር ላይ ተለጥፎ ቅርፊት ያበጅና ከብቱ ሲግጥ ይገባል። ስለዚህ ከገንዳው የሚወጣውን ሣር ለበግ አትስጪ፣ ግቢ ውስጥም አትጣይ፤ ደርቆ ይቃጠል። አፏ በግራ ቢሆን ኖሮ ፊዛ ወይም ቡሊነስ እንል ነበር።

ላብ_ኮምቦልቻ
ጠፍጣፋዎቹን መለየትሽ ትልቅ ነገር ነው። ብትችዪ ወደኛ ላኪያቸው፤ እያንዳንዷን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ለየብቻ አድርገን ብርሃን ላይ እናቆያትና ውሃውን በማይክሮስኮፕ እናያለን። እቤትሽ አትሞክሪው።

መምህርት_ዘጦሳ
ዛሬ በሚመጣ ሰው እልካለሁ። አንድ የከበደኝ ነገር አለ። ሣሩ ቅጠል ሥር ቢጫማ ልጋግ አየሁ፣ ውስጡ ጥቃቅን እንቁላል አለ። ይህም መጥፋት አለበት?

(ከጥቂት ቀናት በኋላ)

ላብ_ኮምቦልቻ
መምህርት፣ ደርሰውናል። ባዮምፋላሪያ ናቸው። ባየናቸው ጊዜ ባለ መንሽ ጅራቱ አልወጣም። ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ ውስጧ ያለው ገና ያልበሰለ ከሆነ ዛሬ ምንም አታወጣም፣ ከሳምንታት በኋላ ልታወጣ ትችላለች። ስለዚህ ከሐይቁ የመጡት ትልልቆቹ ወደ ገንዳው አይመለሱ። የቀሩም ካሉ ለቅመሽ በፈላ ውሃ ግደያቸውና ቅበሪያቸው።

እንቁላሉን በተመለከተ ግን ደስ የሚል መልስ አለኝ። በሽታው ከእናት ቀንድ አውጣ ወደ እንቁላል አይተላለፍም። ልጆቿ ንጹሕ ሆነው ነው የሚፈለፈሉት፤ ሊያዙ የሚችሉት የታመመ ሰው ሰገራ የገባበት ውሃ ካገኙ ብቻ ነው። ቅጠሉን ቆርጠሽ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ባለበት ሌላ ዕቃ አሳድጊያቸው፤ ክሎሩ እንዲወጣ ውሃው አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ይደር። ተማሪዎችሽ ባዮምፋላሪያን ያለ ሥጋት በዓይናቸው ያያሉ። ወንዝ ዳር ሲያገኟት የሚያውቋት እንዲህ ነው።

ገንዳውንም ቢሆን ትልልቆቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ሳትነኪው አቆዪው። ከቀንድ አውጣዋ የወጣው ትል ሰው ካላገኘ ከሁለት ቀን በላይ አይኖርም። እኔ ብሆን ግን የተደበቀች እንዳትኖር አንድ ወር እየተመለከትሁ እጠብቃለሁ።

መምህርት_ዘጦሳ
እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንቁላሉን ላጠፋው ተነሥቼ ነበር። የማወጣውን ውሃና ከዓሣ ጋር የማይሆኑትን ነፍሳት ወደ ሎጎ መልሼ ብለቃቸውስ? ከዚያው ነው የመጡት።

የሐይቅ_ዳር_ልጅ
እትዬ፣ እባክዎ አይመልሱ። ሎጎ ዙሪያውን ዝግ ነው፤ የአንካርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም። የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። እኛ የምናሰግረው ቆሮሶ ራሱ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ሰው ነው ያስገባው፣ ዛሬ ከብዙ ቤተሰብ ማዕድ አይጠፋም። በጎ ሆኖ የገባ እንኳ ውሃውን ይለውጣል። ከገንዳ ደግሞ የሱቅ ዓሣ በሽታ፣ የሌላ አገር ሣር ቁራጭ፣ ምን እንደሚገባ ማን ያውቃል?

ጂዳ_ያለው_ወሎዬ
ቃሉን እደግፋለሁ። ውሃውን ከማንኛውም ወንዝ ርቀሽ ደረቅ መሬት ላይ አፍሺው፣ ፀሐይ ይጨርሰዋል። በረኪና ጨምረሽ አንድ ሌሊት አሳድረሽ ብታፈሽው ደግሞ ይበልጣል።

መምህርት_ዘጦሳ
እሺ፣ እንዲሁ ይሆናል። አልቅቶቹ በማሰሮ ለብቻ፣ ባለ ስድስት እግሩ ከነእንጨቱ መስኮት ዳር፣ ሃይድራው እዚያው ባለበት። የቀረኝ አንድ ብቻ ነው። ትልቁ ድንጋይ ጥላ በኩል ያለው ጎኑ ላይ አረንጓዴማ ስስ ቅባት የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው፣ ስነካው ይሻክራል፣ ሽታውም እንግዳ ነው።

ወረባቦ_የከብት_ሐኪም
ስፖንጅ የሚባለው የውሃ እንስሳ ይመስላል። የጨው ውሃ ብቻ አይደለም ስፖንጅ ያለው፤ የጣፋጭ ውሃ ስፖንጅም አለ። ሻካራ ያደረገው ውስጡ ያለው የሲሊካ መርፌ ነው፣ ሽታውም የሱ ነው። ትንሽ ቀለም ያለው ውሃ በጠብታ ወደ ጎኑ አድርጊና ተመልከቺ፤ በጥቃቅኖቹ ገብቶ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ሲወጣ ካየሽ እንስሳ ነው ማለት ነው። ከውሃ አታውጪው፣ አየር ከገባበት ይሞታል።

መምህርት_ዘጦሳ
አሁኑኑ ቤት ባለው የምግብ ቀለም እሞክረዋለሁ፤ ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ።